ከተሳቢው ኋላ የሚቆመው

ጅቡቲ፣ ሀራሙስ
ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ከጥቅምት ወዲህ ሰው የሚያኖር ሆኗል። ማዳም ልጆቿን ይዛ ለአሥር ቀን አገሯ ስለሄደች ቤቱም ጸጥ ብሏል፤ የማበስለው ለራሴና ለዘበኛችን ለከይረዲን ብቻ ነው።

የሥራ ጓደኛህ ባንቲሁን መኪናውን ፒኬ 12 የከባድ መኪኖች ሰልፍ ላይ አቁሞ፣ በሚኒባስ እዚህ ድረስ መጥቶ ወረቀትህን ሰጥቶኝ ሄደ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ለአራት መስመር ነው። “ለመኪናዬ ከነተሳቢው የኋላ ካሜራ ፈልጊልኝ፤ በስልክ እንዳታነሺው” ትላለህ። በወር ሁለት ጊዜ ጅቡቲ ትገባለህ፣ በየሁለት ቀኑ እንደዋወላለን፤ ደብዳቤ ምን አመጣው? ደግሞስ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ስትጎትት ወደ ኋላ የሄድከው በሁለት ስፖኪዮና በረዳት ድምፅ ነው፤ አሁን ደግሞ በጋሼ ደስታው። አምና እኔ ስለ ካሜራ ባነሳ “ቴሌቪዥን ማየት ካማረኝ ቤቴ እገባለሁ” ብለህ የሳቅክብኝ አንተ ነህ።

እውነቱን ንገረኝ፤ ዐይንህ ነው? አምና ጥቅምት ላይ የተሳቢውን የኋላ መብራት ከግንብ አጋጭተህ “ፀሐይ መታኝ” ብለህ አለፍከው። ባለንብረቱ “ሁለተኛ ጭረት ካየሁ አንተም ረዳትህም ትወርዳላችሁ” እንዳለህ እማዬ ነግራኛለች። ዐይንህ ከሆነ የሚያስፈልግህ ሐኪም እንጂ ካሜራ አይደለም። አርባ ቶን እየጎተቱ እንዲህ ያለ ነገር መደበቅ ኃጢአት ነው። ካልነገርከኝ አልገዛም፤ በዚህ እንዳንቀያየም።

ልጅህ የውብዳር


ሞጆ
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየውብዳር፣

የሰላምታሽን ግማሽ በቁጣ ስለጨረስሽው እኔም ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ነገሬ እገባለሁ። ደህና ነን። እናትሽ ቡና ላይ “ይህቺ ልጅ ከሳች ወይ” እያለች ታስቸግረኛለች፤ አልከሳችም ብያለሁ።

ዐይኔ ደህና ነው። ባለፈው ወር መንጃ ፈቃዴን ሳሳድስ ሐኪሟ ያሳየችኝን የመጨረሻዋን ትንሿን መስመር አንብቤያታለሁ። ወረቀቱን ማየት ከፈለግሽ እልክልሻለሁ፤ አባትሽን እንደ ወንጀለኛ መመርመር ካማረሽ። ካሜራው ለደስታው ነው።

በስልክ እንዳታነሺው ያልኩሽ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ደስታው አጠገቤ ስለሚሆን ነው። አንቺ ደግሞ ስታወሪ ድምፅሽ ከጋቢና አልፎ ይሰማል፤ በዚህ በእናትሽ ወጥተሻል። ጅቡቲ ስንገናኝም የምንበላው ሦስታችን አንድ ላይ ነው። እሱ በሌለበት ስለ እሱ ማውራት የምችለው በወረቀት ብቻ ሆነ።

ማየት እያቃተው ነው፣ ልጄ። የፊቱን መኪና ታርጋ አንብብልኝ ስለው “የእኛው ሰው ነው” ይለኛል። ዲኪል ላይ ሻይ ሲያመጡልን ብርጭቆውን በጣቱ ይፈልገዋል። አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። አምና ግንቡን ስንገጨው “ና፣ ና፣ ሰፊ ነው” ሲለኝ የነበረው እሱ ነው። ፀሐይ መታኝ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ከእኔ ጋር ሠርቷል። ባለንብረቱ ከሰማ በማግስቱ ያወርደዋል። ከወረደ በዚህ ዕድሜው ረዳት አድርጎ የሚቀጥረው የለም፤ ልጁ የምስራችና ልጆቿ ደግሞ የሚያድሩት በእሱ ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። እሱ እንደ ልማዱ ከኋላ ቆሞ “ና” ይላል፤ እኔ ስክሪኑን አይቼ እነዳለሁ። ማንም አይጎዳም፤ ማንም አያፍርም።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ከዚያ ግጭት በኋላ እኔ በስፖኪዮ በማየው በኩል መቆሙን ትቶ፣ መሀል ላይ ከተሳቢው ኋላ መቆም ጀመረ። “ድምፄ ከመሀል ይሻላል” አለኝ። አይታየኝም፤ “ቁም” ሲል ግን እቆማለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አንዲት ጭረት የለችም። በምን እንደሚያውቀው አልገባኝም። ዕድል ግን አንድ ቀን ታልቃለች፤ ከማለቋ በፊት ካሜራውን ላኪልኝ።

አባትሽ ጀንበሬ


ጅቡቲ፣ ሀራሙስ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባዬ፣

ሰላም ለአንተና ለእማዬ ይሁን። በቁጣ ስለጻፍኩት ይቅር በለኝ። እኔ እኮ አንተን አስቤ ነው፤ ጋሼ ደስታው በልቤም አልመጡልኝም።

ካሜራውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባንቲሁን ያደርስልሃል። ማዳም በምትነዳው ትንሽ መኪና ላይ ያለው ዓይነት ነው። ከይረዲን ሰው ያውቃል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገዝቶ አመጣልኝ፤ “ካሜራ ካሜራ ነው” አለኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጋሼ ደስታው ሕፃን አይደሉም። ለምን ፊት ለፊት አትነግራቸውም? የማያይ ሰው ከሚሄድ ተሳቢ ኋላ ማቆም እኔን ያስፈራኛል። ካሜራው ሲገጠምስ ምንድነው ብለህ ልትነግራቸው ነው?

ልጅህ የውብዳር


ሞጆ
ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየውቤ፣

በመጀመሪያ ምስጋና፣ ቀጥሎ ኀዘን። ካሜራሽ ደርሷል፤ ሞቷልም። የሰፈራችን ኤሌትሪክ ሠራተኛ ገጠመው፣ የኋላ ማርሽ አስገባሁ፣ ስክሪኑ እንደ ዐይን ጥቅሻ ብልጭ አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ለካ የማዳምሽ መኪና ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ የእኔ ሃያ አራት ነው። ሠላሳ ዓመት የነዳሁት ሰውዬ ይህን ሳልነግርሽ መቅረቴ ያሳፍረኛል፤ ከይረዲንን አትቆጪው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

ለደስታው ምን አልከው ላልሽው፣ “ከኋላ ሸራ እየቀደዱ የሚሰርቁ በዝተዋል፣ ለሌባ ነው” አልኩት። “ይሁን” አለኝ። ሲቃጠል ግን ከት ብሎ ሳቀ፤ “ሌባውን ሳያይ ሞተ” አለ። ብዙ ጊዜ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበርና ደስ አለኝ።

ፊት ለፊት ለምን አትነግረውም ለምትዪው፣ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይነገርም። ልብስህ ተቀዷል ይባላል፤ ዐይንህ ጠፍቷል እንዴት ይባላል? ራሱ እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ።

የሚሆነውን ፈልጊልኝ። በዚህ ጊዜ አትቸኩዪ።

አባትሽ


ጅቡቲ፣ ሀራሙስ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባዬ፣

እንዴት ከረምክ? ትናንት ዓርብ ስለነበር የዕረፍቴን ቀን ሙሉ ካሜራ ስመርጥ ዋልኩ። ካርቲዬ 2 ሰፈር ውስጥ የመኪና ዕቃ የምትሸጥ ጀዋሪያ የምትባል ሴትዮ አለች። አማርኛዋን የተማረችው ከሹፌሮች ስለሆነ በየመሀሉ ስድብ ትጨምርበታለች፤ ትርጉሙን የምታውቀው አይመስለኝም። ሱቋ ስገባ ገና “ስንት ቮልት? መኪናና ተሳቢው አንድ ላይ ስንት ሜትር? ተሳቢው ይፈታል አይፈታም?” ብላ አፋጠጠችኝ። ደግነቱ ሁለቱን አውቅ ነበር።

ገመድ አልባውን ልውሰድ ስላት ከለከለችኝ። እናንተ የምትቆሙት በብረት ኮንቴይነር መሀል ስለሆነ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ይባስ ብሎ ሰልፍ ላይ ስክሪንህ ላይ የጎረቤት መኪና ኋላ ሊመጣብህ ይችላል አለች። ስለዚህ ባለ ገመዱን፣ ሃያ አራት ቮልቱን ወሰድኩ። በመኪናውና በተሳቢው መሀል የሚገባው ገመድ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ነው፤ ኩርባ ላይ ይሳባል፣ ተሳቢውን ስትፈታ ደግሞ እንደ ሶኬት ይነቀላል። ካሜራው ዙሪያውን በጎማ የታሸገ ነው፣ ውኃና ጨው አያስገባም። ዳር ላይ ትንንሽ መብራቶችም አሉት።

ሌላው ነገር የምስሉ አቀማመጥ ነው። ካሜራው ዝም ብሎ ሲያሳይ ግራው ቀኝ ይሆንብሃል። አንተ የለመድከው ስፖኪዮ ነው፤ እንደ መስታወት መገልበጥ አለበት። ለዚያ ከካሜራው ጀርባ የምትቆረጥ አረንጓዴ ክር አለች፤ ጀዋሪያ ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። ቁመቱም ከበሩ በላይ፣ መሀል ላይ፣ ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን አለች። ዝቅ ካለ ጭቃና ድንጋይ ያጠፋዋል።

በሚቀጥለው ዓርብ ፒኬ 12 ትደርሳለህ ብለሃል። ታዬ የሚባል የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ይዤ እመጣለሁ። ምሳም እይዛለሁ። ስለ ጋሼ ደስታው ደግሜ አልጨቀጭቅህም፤ አሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ልጅህ የውብዳር


ጋላፊ፣ ድንበር ላይ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ዓርብ ላበላሽን ምሳ እጅሽ ይባረክ። ታዬም ደህና ሠራተኛ ነው፤ ክሯን ቆርጦ፣ ራሱ ከኋላ ቆሞ ፈትኖልኝ ነው የሄደው። ደስታው ያን ጊዜ ከአንቺ ጋር እየበላ ስለነበር ምንም አላየሁም። ያየሁት በማግስቱ ነው።

ቅዳሜ ኮንቴይነር ለመጫን ግቢ ገባን። ደስታው ወረደ፤ በተሳቢው ጎን እየተጓዘ ወደ ኋላ ሄደ፤ ተሳቢውን ሁለት ጊዜ መታ፣ “ና” አለ። የኋላ ማርሽ አስገባሁ፣ ስክሪኑ በራ። ቆቡንና ትከሻውን አየሁ። ከተሳቢው ኋላ መሀል ላይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው የቆመው። ፊቱ ወደ እኔ ነው። አንድ እጁ የተሳቢው ብረት ላይ ነው፤ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ አየሩን ይዳብሳል። እኔ ስገፋ እሱም እኩል ወደ ኋላ ይሄዳል። “ና፣ ና” ይላል፣ ድምፁ ያው የማውቀው ድምፅ ነው። ከኋላው ሌላ ኮንቴይነር አለ።

ፍሬን ረገጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኋላዬ ምን እንደሚሆን አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ልጽፍልሽ ያሳፍረኛል። ወርጄ ጮኽኩበት። “ለምን በዳር አትቆምም?” አልኩት፤ “ከመሀል ይሻላል አልኩህ እኮ” አለኝ። “ምን አይተህ ነው የሚሻለው፣ አንተ ዕውር?” አልኩት። ሌሎች ሹፌሮች ቆመው ነበር፤ ሁሉም ሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ደስታው ጋቢና ገብቶ ቦርሳውን በእጁ ፈልጎ አወጣና ወጣ። ተከትዬ ክንዱን ብይዘው እጄን አነሳው።

ኮንቴይነሩን በስክሪኑ ብቻ ጫንኩ። ካሜራው ጥሩ ነው። እስከ ጋላፊ ብቻዬን መጣሁ፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ መንገዱ ረዘመብኝ። ስልኩን አያነሳም። ብር ያለው አይመስለኝም፣ መንገዱንም አያየውም። አርሂባ ሰፈር፣ ማይሙና ምግብ ቤት የእኛ አገር ሹፌሮች ይበላሉ፤ ከየትም ይልቅ እዚያ ይገኛል። ፈልጊልኝ። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ አንቺ ብቻ በደህና መሆኑን ላኪብኝ።

አባትሽ


ጅቡቲ፣ ሀራሙስ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባዬ፣

እንኳን ለገና በዓል በሰላም አደረሰህ። ጋሼ ደስታው ደህና ናቸው። “ደህና ናቸው” ብዬ በስልክ ልኬብሃለሁ፤ የቀረውን ግን እንደ አንተ ልማድ በወረቀት አድርጌዋለሁ።

እንዳልከው ማይሙና ቤት ነበሩ። አንድ ጥግ ይዘው ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ይልጣሉ፤ በነጻ አልበላም ብለው ነው። ስገባ በድምፄ አወቁኝ። “አባትሽ ላከሽ?” አሉኝ፤ አዎ አልኳቸው። ማዳምን ለምኜ ሁለት ቀን ተፈቅዶልኝ ዐይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። የዐይን ግፊት ነው፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረችው እንዳትጠፋ በየቀኑ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። በቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ በግራው ምንም። ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጠየቅኳቸው። “ጋሼ፣ ሳያዩ እንዴት ነው ‘ቁም’ የሚሉት? አባዬ ከዚያ ወዲህ አንድም ጭረት የለም ይላል” አልኳቸው። ከዚያ እንደ ተራ ነገር ነገሩኝ። እንዲህ ነው ያሉት፣ ቃላቸውን ሳልለውጥ ነው የምጽፍልህ፤

“መጀመሪያ ጊዜ ግንቡን የገጨነው ዐይኔን ስላመንኩ ነው። ከዚያ ወዲያ ጀርባዬን አመንኩ። ከተሳቢው ጋር እኩል ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ ጀርባዬ ግንቡን ሲነካ ‘ቁም’ እላለሁ። ጀርባ አይሳሳትም። በዳር ብቆም ምኑን አውቃለሁ? ሁለተኛ ከተጋጨ እኮ እኔ ብቻ አይደለሁም የምወርደው፤ አባትሽም ይወርዳል። እሱ ያለ መኪና መኖር አይችልም።”

አባዬ፣ ታክሲው ውስጥ አለቀስኩ። እሳቸው “ምን ያስለቅስሻል፣ ምንም አልሆንኩም እኮ” ይሉኛል። አንተ ለእሳቸው ስትዋሽ፣ እሳቸው ለአንተ ሲቆሙ አንድ ዓመት ሙሉ አንዳችሁም አፍ አልከፈታችሁም። ተናድጃለሁ፤ በሁለታችሁም።

“ዕውር ያለኝ እውነቱን ነው፤ የከፋኝ በሰው ፊት ስላለኝ ነው” ብለዋል። ከነገ ወዲያ ከባንቲሁን ጋር ይመጣሉ። መድኃኒቱ በረዶ ያለበት ዕቃ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ እንዳይነካው ለባንቲሁን ነግሬዋለሁ።

ልጅህ የውብዳር


ሞጆ
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየውብዳር፣

እናትሽ በጣም ትስምሻለች። ደስታው በደህና ገብቷል፤ መድኃኒቱም አልሞቀም። የምስራች አንቺን ስትመርቅ ሰነበተች።

ለባለንብረቱ ሁሉንም ነገርኩት፤ የፀሐይዋን ውሸት ሳይቀር። መጀመሪያ ጮኸ፣ ልክ ነው። አንድ ሰው ሊገደልብኝ ነበር አለ፤ ይሄም ልክ ነው። ደስታው ከእንግዲህ መንገድ አይወጣም። ግን ግቢው ውስጥ ዘጠኝ መኪና ይገባል ይወጣል፣ ጎማ በብረት መትቶ በድምፁ የደከመውን የሚለይ እንደ ደስታው የለም፤ ይህን ባለንብረቱም ያውቃል። ለፋሲካ እስክንደርስ እንየው ብሎ ሰኞ እንዲጀምር ፈቀደለት። ደሞዙ ከበፊቱ ያንሳል። ደስታው “ይሁን” አለ።

ደብዳቤሽ በሌላ ሹፌር እጅ ቀድሞ ስለደረሰኝ ያነበብኩት ደስታው ከመድረሱ በፊት ነው። ተሳቢው በመኪናዎቹ ግቢ ውስጥ፣ ደስታው “ቁም” እያለኝ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ አለ፤ ከጊዜ ብዛት ጎማው መሬቱን ቦርቡሮታል። መኪናውን አስነስቼ፣ ስክሪኑን እያየሁ፣ ጎማዎቹ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እስኪገቡ ወደ ኋላ ሄድኩ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ግንቡ ብቻ ነው የሚታየው። ሞተሩን አጠፋሁና ወርጄ በግንቡና በብረቱ መሀል እሱ የሚቆምበት ልቆም ሞከርኩ። አልገባሁም። በጎኔ ዞሬ፣ ሆዴን ስቤ ነው የገባሁት። ደስታው ከእኔ ይቀጥናል። ጀርባዬ ግንቡ ላይ፣ ብረቱ ደረቴ ላይ ሆኖ ቆየሁ። እግሬ ከክላቹ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቢንሸራተት፣ ወይም ስልክ ጮኾ “ቁም” ያለውን ባልሰማው ብዬ አሰብኩ። እዚያው ቆሜ አልቅሼ ነው የወጣልኝ፤ ሰው አላየኝም።

ደስታው እንደደረሰ ቤቱ ሄድኩ። በእነባንቲሁን ፊት፣ በየምስራች ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት፤ የሰደብኩት በሰው ፊት ነበርና። “ተወው፣ አልፏል” አለኝ። ሰዎቹ ሲወጡ ብቻችንን ቀረን።

“ስንት ጊዜ ነው እንደዚያ የቆምከው?” አልኩት።

“አልቆጠርኩም” አለኝ። “ለምን እቆጥራለሁ? ቁም ስልህ ትቆም የለ።”



አባትሽ ጀንበሬ